የብር ሱሪዎቹ አስተርጓሚ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዕድሜው ከአርባ አምስት ያለፈ ሰው ይዛችሁ «መንኮራኩር ወደ ሰማይ የሚወጣው በምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ «በምርቃት ነዋ!» ይላችኋል። እየቀለደ ነው ብላችሁ እንዳትስቁበት። ግማሹን ይቀልዳል፣ ግማሹ ግን የምሩን ነው፤ በዓይኑ አይቷል፣ በአፉም «አሚን» ብሏል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥፋቱ የዑምኩልሱም ነው።

ዑምኩልሱም ዛሬ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቷን የያዘች፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የማይተናነስ ሴት ናት። ያደረ ቆሮሶ አምጥቶ «የዛሬ ነው» የሚላትን ዓሣ አጥማጅ፣ የዓሣውን ጉንጭ ገልጣ እያሳየች «ወላሂ በል እስቲ!» ትለዋለች። ልጁ ወላሂ አይልም፤ ዓሣውን ይዞ ይመለሳል። ውሸት አትወድም። የሰው ውሸት አትወድም ማለት ይሻላል።

ሃያ ዓመት ሳይሞላት ኮምቦልቻ ወርዳ፣ የውጭ አገር ኢንጂነሮች ካምፕ ውስጥ ሁለት ዓመት ሳህን አጥባለች። ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ዛሬም በቅጡ አልተጣራም። ቡልጋሮች ናቸው የሚል አለ፣ ቼኮች ናቸው የሚልም አለ፤ ብቻ በዚያን ጊዜ አነጋገር ከወንድማማች ሶሻሊስት አገር ነው የመጡት። በ1981 ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተረፈ ዕቃቸውን ለሠራተኛው በዕጣ አደሉ። ለዘበኛው ብስክሌት ወጣለት፣ ለወጥ ቤቷ ፍሪጅ፤ ለዑምኩልሱም የቪዲዮ ማጫወቻ ከአሥራ አንድ ካሴት ጋር ደረሳት። አለቀሰች። እነሱ ቤት እንኳን ቴሌቪዥን መብራትም አልገባም ነበር።

ቴሌቪዥን ያለው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሊቀ መንበሩ የቪዲዮውን ወሬ እንደሰማ ሰው ላከባት፤ በነጋታው ማጫወቻው ከእነ ካሴቶቹ የሰፊው ሕዝብ ሆኖ አደረ። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ዑምኩልሱም የዕቃው ባለቤት ናትና ከፊት ተቀመጠች፤ ከጎኗ የልጅነት ጓደኛዋ ፈዲላ። ጋሽ አብተው የአዳራሹ ጥበቃ ነበሩና ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። መብራቱ ጠፋ። የብር ቀለም ሱሪ ያጠለቁ ሰዎች እንደ ድስት ክዳን በሚያብለጨልጭ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ብቅ አለ። ነጭ ጢም አለው። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አንዲት ቃል ተናገረ፤ ዝም አለ። ሌላ ቃል ተናገረ፤ ዝም አለ።

«ልጄ፣ ምን እያለ ነው?» አሉ ጋሽ አብተው ከበሩ።

ዑምኩልሱም የሰዎቹን ቋንቋ ታውቃለች ከተባለ የምታውቀው ዘጠኝ ቃል ነው፦ ዳቦ፣ ውሃ፣ ትኩስ፣ ሳሙና፣ ቆሻሻ፣ ነይ፣ ሂጂ፣ ነገ፣ ጥሩ። ሽማግሌው ከነዚህ አንዱንም አልተናገረም። «አላውቅም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ከፈረንጅ ጋር ኖሮ አላውቅም ይባላል? ፈዲላ ደግሞ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ «ንገሪያቸው እንጂ!» አለቻት፣ ኩራት ኩራት እያላት። ዑምኩልሱም ሽማግሌውን አየችው። እጁ ወደ ላይ ነው፤ ቃል ይወረውራል፣ መልስ ይጠብቃል። እንዲህ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች እያየች ነው ያደገችው።

«እየመረቀ ነው» አለች።

ወሎ ውስጥ ምርቃት ሲወርድ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ የለም። የአዳራሹ ሕዝብ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ቃል ባወጣ ቁጥር እስላሙ «አሚን!» አለ፣ ክርስቲያኑ «አሜን!» አለ። የመጨረሻዋ ቃል ስትወጣ ከመንኮራኩሩ ሥር እሳት ቦግ አለና ሽቅብ ተወነጨፈ። «ዱአው ደረሰ!» ብሎ ሕዝቡ ተነሣ። አንዲት እናት እልል አሉ። ሰውዬው ከዐሥር ወደ ታች እየቆጠረ እንደነበር የሚያውቅ አንድም ነፍስ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዑምኩልሱም ያን ቀን ስትወጣ ስሟ «አስተርጓሚዋ» ሆኖ ጠበቃት። ውሃ ደግሞ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ለሰዎቹ ስም አወጣችላቸው። የእነሱን ስም ምላስ አይችለውምና አለቃቸውን «ካፒቴን ኑርዬ» አለችው። ከቆርቆሮ የተሠራውን፣ እየተንቋቋ የሚሄደውን ፍጡር «ጣሳው» አለችው፤ በእሷ ትርጉም ጣሳው ሁልጊዜ ይርበዋል። ጠላቶቹ ፊታቸውን አረንጓዴ የተቀቡ፣ የዱቄት ወንፊት ራሳቸው ላይ የደፉ ነበሩ፤ እነሱን «ወንፊቴ» ብሎ የሰየማቸው ራሱ ሕዝቡ ነው። በር በተዘጋ ቁጥር የመንኮራኩሩ ግድግዳ ይወዛወዛል። መንኮራኩሩን ያንጠለጠለው ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ክሩ ምንድን ነው?» ሲሏት «የስልክ ሽቦ ነው፣ ከምድር ጋር የሚያወሩበት» አለች። ሰው ሁሉ በአንክሮ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ወንፊቴ ከቀሚሱ ሥር ሸራ ጫማ እንዳደረገም ልጆች አይተዋል፤ ግን ማንም አልሳቀ፣ ሁሉም ፈራ።

ፈዲላ አንድ ወንድም ነበራት፤ ኢስሃቅ ይባላል። በ1980 ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ተላከ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። ፈዲላ ስለ እሱ አታወራም፣ ሰውም አይጠይቃትም፤ የማይጠየቅበት ዘመን ነበር። ሦስተኛው ካሴት ላይ የካፒቴን ኑርዬ ታናሽ ወንድም ከመንኮራኩሩ ውጭ ሲሠራ የታሰረበት ገመድ ተበጠሰና፣ እጁን እያወራጨ ወደ ጨለማው ተንሳፍፎ ሄደ። ገመዱ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ዛሬ የሚያየው ይስቃል። ፈዲላ ግን ያን ቀን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

አምስተኛው ካሴት ላይ ለካፒቴኑ ወረቀት ሰጡት። አነበበ። ባርኔጣውን አወለቀ። የብር ሱሪዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ ሙዚቃው ዝግ አለ። ይህን ለመረዳት ዘጠኝ ቃልም አያስፈልግም። ዑምኩልሱም ገብቷታል። ገብቷት ዞር ብላ ስታይ የፈዲላ ጉልበት ይንቀጠቀጣል።

«ተገኘ!» ብላ ጮኸች። «ሌላ ኮከብ ላይ ወድቆ ደጋግ ሰዎች አንስተውታል! እርሻ ሰጥተውታል። አታስቡ፣ እመጣለሁ ብሎ ጽፏል።»

«ታዲያ ምነው አንገታቸውን ደፉ?» አሉ ጋሽ አብተው።

«ሱጁድ ነው! የምስጋና ነው።»

«ባርኔጣውስ?»

«በባርኔጣ ሱጁድ ይወረዳል እንዴ!»

ሕዝቡ አመነ፤ አልሐምዱሊላህ አለ። ፈዲላ ያን ቀን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ ጥርሷ ሸጋ ነበር። ዑምኩልሱምም ከዚያ ወዲህ ባገኘቻት ቁጥር፣ ገበያ ላይም ውሃ መቅጃም፣ «አብሽሪ፣ ይመጣል» ማለት ልማዷ ሆነ።

መንግሥት ሲለወጥ አዳራሹ ተዘረፈ፤ ማጫወቻውም ካሴቶቹም የት እንደገቡ አልታወቀም። ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሩ በእግሩ ወደየቤቱ ሲጎርፍ ኢስሃቅ አልመጣም። «ሱዳን ገብተዋል የሚባሉ አሉ፤ አብሽሪ» አለቻት ዑምኩልሱም። ከዚያ ሁለቱም አገቡ፣ ወለዱ፣ ባል ቀበሩ። ፈዲላ ልብስ ሰፊ ሆነች። በየአረፋው ዑምኩልሱም ቤቷ ሄዳ «ዒድ ሙባረክ» ካለች በኋላ ያችኑ «ይመጣል» ትላታለች። ፈዲላም «ኢንሻ አላህ» ትላለች።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። የሐይቅ ልጆች ግን ከካርቶን የተሠራ ሰማይ ይናፍቃቸዋል፤ ምን ይደረግ። አዲስ አበባም ጅዳም የተበተኑት በስልክ ሲገናኙ «ጣሳው በልቷል?» ይባባላሉ። አንድ ባጃጅ ከኋላው «ካፒቴን ኑርዬ» የሚል ጽፎ ከሐይቅ ውጫሌ ይመላለሳል፤ ሹፌሩ ያኔ አልተወለደም። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ የነበረው ሙዘይን ደግሞ ዛሬ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ተከታታይ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ዓመታት ፈጅቷል። ስሙን አያውቅ፣ አገሩን አያውቅ፤ «ብር ሱሪ፣ ወንፊት፣ መንኮራኩር» እያለ ይፈልጋል። ዘንድሮ፣ አረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አገኘው።

እየሮጠ ዓሣ መጥበሻው ድረስ መጣ።

«እትዬ ዑምኩልሱም፣ አገኘሁት! በአረፋ ሦስተኛው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ አዳራሹ ውስጥ እናሳያለን። ከውጭ የሚመጡት ልጆችም አሉ። አንቱንም ጋቢ እናለብሳለን፤ የምስክር ወረቀትም አሠርተናል።»

ዑምኩልሱም ዓሣውን ሳትገለብጠው አረረ። «ዓይኔን ያመኛል ሙዘይን። ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ ስተረጉም…»

«ኧረ አንቱን አናደክምም! ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ከሥር ከሥሩ ይጻፋል።»

«ኮምፒውተሩ ቋንቋውን ያውቃል?»

«ከመቶ በላይ ቋንቋ ያውቃል።»

«ሱብሐነላህ» አለች ዑምኩልሱም፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «እሺ፣ አምስተኛውን ግን ተወው። አያምርም።»

«እሱማ ዋናው! የተገኘበት! ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቀው።»

ያን ሰሞን ዑምኩልሱም ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ሰው መሳቁን ትችላለች፤ ይስቃል፣ ይረሳል። የከበዳት ፈዲላ ናት። ፈዲላ ፊደል የቆጠረች፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አንደኛ የወጣች ሴት ናት፤ የሳሙና ካርቶን ላይ የተጻፈውን እንኳ ሳታነብ አትጥለውም። ሠላሳ ስድስት ዓመት «ይመጣል» ስትባል የኖረች እህት ሰው በተሰበሰበበት የካፒቴኑን ወረቀት ልታነብ ነው። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ትስማ ብላ ዑምኩልሱም ሐሙስ ዕለት ቤቷ ሄደች። ፈዲላ የአረፋ ልብስ ተከምሮባት፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ መርፌ በጥርሷ ይዛለች።

«ፈዲላ፣ የምነግርሽ ነገር…»

«ቁሚ እስቲ» አለች ፈዲላ መርፌውን ከአፏ አውጥታ። «ወፍረሻል መሰለኝ። ክንድሽን አንሺ።»

ዑምኩልሱም ክንዷን አነሣች። ፈዲላ ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች፣ «ዘንድሮ ከሰው በታች አትሆኚም፤ አንቺን ነው የሚሸልሙት» አለቻት። ልትናዘዝ የሄደችው ሴት ቀሚስ ተለክታ ተመለሰች።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጣሪያው አዲስ ነው፤ ሰዉ ግን ያው ነው፣ ሸበተ እንጂ። ጋቢውን አለበሷት፣ አጨበጨቡላት። ፈዲላ እንደ ድሮው ከጎኗ ተቀመጠች። ጋሽ አብተው ሰማንያ አልፏቸው፣ ዘበኝነቱን ትተው፣ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ግድግዳው ላይ የተዘረጋው ሸራ በራ። ነጭ ጢሙ ሽማግሌ እጁን ከፍ አደረገ፤ ከሥሩ በአማርኛ «ዐሥር» የሚል ተጻፈ።

«አሚን!» አለ የሽማግሌዎቹ ወገን።

«ዘጠኝ።»

«አሚን!»

ወጣቶቹ ወንበር እስኪያንኳኩ ሳቁ። አንዱ ከኋላ «ኧረ ቁጥር እየቆጠረ ነው! ማን መረቀ?» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ አብተው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ዝም በል! አንተ ምን ታውቃለህ? ኮምፒውተሩስ የት ያውቃቸዋል? እሷ አብራቸው ኖራለች! ሳህናቸውን አጥባለች!»

«እውነት ነው!» አለ ሰው ከዚህም ከዚያም። «ይሄ ማሽን እየዋሸ ነው!»

ሙዘይን ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ዑምኩልሱም ግንባሯን በአዲሱ ጋቢ ጠረገች። ስሟ ተረፈ፤ እንግዲህ ማሽኑ ቢምልም የሚያምነው የለም። ግን እሷ ጫጫታውን አልሰማችውም፤ የምታየው የፈዲላን ከንፈር ነበር። ፈዲላ ከሥር የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፊደል በለሆሳስ ታነባለች።

አምስተኛው ክፍል መጣ። ካፒቴን ኑርዬ ወረቀቱን ተቀበለ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከሥር እንዲህ የሚል ተጻፈ፦ «ወንድምህ የሞተ ነው። እኛ ይቅርታ ነን።»

«ተገኘ!» ብለው ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። «እርሻ ላይ ነው!» አሉ ጋሽ አብተው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወጣቶቹ አሁንም ይስቃሉ። ፈዲላ አነበበች፤ ከንፈሯ ቆመ።

ዑምኩልሱም እጇን ያዘቻት። «ፈዲላ፣ እኔ…»

«ዝም ብለሽ እዪ» አለች ፈዲላ።

ሲያልቅ ሰው ፎቶ ሊነሣ ወደ ውጭ ግር አለ። ዑምኩልሱም ጓደኛዋን ጎትታ ከአዳራሹ ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ወሰደቻት።

«ዋሽቼሻለሁ» አለች። «የሰዎቹን ቋንቋ አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። ወንድምየው ሞቷል፤ ያን ቀንም ገብቶኛል። ጉልበትሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ፈዲላ።

«ምኑን?»

«ባርኔጣ አውልቆ አንገቱን የደፋ ሰው ምን እንደደረሰበት ለማወቅ ቋንቋ ያስፈልጋል እንዴ ዑምኩልሱም? ያን ቀን የሳቅሁት በውሸትሽ ነው። በባርኔጣ ሱጁድ አይወረድም ስትዪ!»

ዑምኩልሱም ልትስቅ ከጀላት። ፈዲላ ግን ቀጠለች።

«ኢስሃቅም ሞቷል። በ1983 መጨረሻ አብሮት የነበረ ወታደር ውጫሌ አክስቴ ቤት መጥቶ ነገረን። በእጁ ነው የቀበረው። ሰደቃውን እዚያው ውጫሌ አወጣን። ሐይቅ ውስጥ እንዳይሰማ አክስቴን ለመንኳት።»

«ለምን?»

«አንቺ ባገኘሽኝ ቁጥር ይመጣል ትዪ ነበራ። ሞቷል ብልሽ ምን ልትሆኚ ነው? ያን ሁሉ ያወራሽውን የት ልታደርጊው? እንዳታፍሪ ብዬ ነው።» ፈዲላ የሻርፗን ጫፍ ጠመዘዘች። «ኋላ ደግሞ ራሴም ለመድሁት። አንቺ ይመጣል ስትዪ እዚያች ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ውሸትም ቢሆን።»

ዑምኩልሱም ላይ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው።

«ያለ እኔ ለቅሶ ተቀመጥሽ?» አለች። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ! ጎረቤትሽ ሆኜ፣ እህትሽ ሆኜ፣ ድንጋይ እንኳ ሲሞት የምደርሰው ሴት! አንቺ ሐዘን ላይ ሆነሽ እኔ በየአረፋው ቤትሽ መጥቼ ይመጣል ይመጣል ስል…»

ከዚያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚቀመጠው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ኢስሃቅን አላህ ይማረው» አለች። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ፈዲላ። አልሰማሁም ነበር፤ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ፈዲላ ቆማ አየቻት። «ተነሺ፣ ሰው ያየናል» አለች። ዑምኩልሱም አልተነሣችም። ፈዲላም ዝቅ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ውጫሌ ላይ በድብቅ ሦስት ቀን አልቅሳለች፤ ተወልዶ ባደገባት ሐይቅ ግን ለኢስሃቅ አንድ ቀን አላለቀሰችም ነበር። አሁን አለቀሰች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ጋሽ አብተው ድምፁን ሰምተው በዱላቸው እየተመሩ ከጓሮ ብቅ አሉ። በአረፋ ልብሳቸው መሬት የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች አይተው ደነገጡ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

ዑምኩልሱም ቀና አለች።

«ኢስሃቅ» አለች። «የፈዲላ ወንድም።»

ጋሽ አብተው ቆባቸውን አወለቁ።